ስለ ቄሱ ሻንጣ፤ ለአዳራሹ ኮሚቴ ሰብሳቢ

…ሻንጣውን መንገዱ ላይ አስቀመጠና ቀኝ እጁን ቀስ አድርጎ ወደ አንገቱ፣ ወደ ነጩ የቄስ ኮሌታ ላከ፤ እኔም ፊልሙ ከሚታይበት አንሶላ አጠገብ ቆሜ እንደ ሁልጊዜው ድምፄን ከፍ አድርጌ «ቄሱ አሁን» አልኩ። ከዚያ በኋላ ምን ልል እንደነበር ስምንት ቀን ሙሉ አስቤ አጣሁት። ግማሽ ዓረፍተ ነገር አፍ ውስጥ ሲያድር ምን እንደሚመስል ልነግርዎ አልችልም። ሳይዋጥ ጉሮሮ ላይ የቀረ ክኒን ይመስላል። ከዚያች ቅጽበት በኋላ የፕሮጀክተሩ ብርሃን ያረፈው በቄሱ ላይ ሳይሆን በእርስዎ ላይ ነበርና፤ የፊልሙ የባሕር ዳርቻ ከተማ በሆድዎ ላይ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት በግንባርዎ ላይ፣ ሻንጣው ደግሞ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከቀበቶዎ ትንሽ ዝቅ ብሎ።

ለተከበሩ አቶ ቀጸላ ይሄይስ፣
በጅቡቲ ከተማ የማኅበራችን አዳራሽ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ሰላምታውን እንዲህ ወደ ኋላ ያስቀረሁት ሥርዓት ጠፍቶኝ አይደለም፤ እርስዎ ከመሃል ማቋረጥ እንደሚቻል ስላስተማሩኝ፣ ከመሃል መጀመርም ይቻል እንደሆነ ልሞክር ብዬ ነው። ግንቦት ሙቀቱን ተሸክሞ በገባበት በዚህ ሰሞን የደም ግፊትዎ በልኩ እንዲሆን፣ የመኝታ ቤትዎ ቬንትሌተር መብራት ሳይቋረጥበት እንዲያድር፣ የተከበሩት ባለቤትዎ ወይዘሮ ዘቢደርም በደስታ እንዲሰነብቱ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ማለት፣ ደህና ነኝ።

እርስዎ ያውቁኛል። ይህ ደብዳቤ ግን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከእርስዎ ማስታወቂያ ጎን ስለሚለጠፍ፣ ለማያውቁኝም ጥቂት ልበል። የውብዳር እባላለሁ። አያቴ በባቡሩ ዘመን ከድሬዳዋ መጥቶ እዚሁ የቀረ የሐዲድ ሠራተኛ ነበር። እኔ በፋርማሲ እሠራለሁ፤ ዓርብ ዓርብ ከቀትር በኋላ ደግሞ በአዳራሻችን የፈረንሳይኛ ፊልም ሲታይ አጠገቡ ቆሜ የሚባለውን በአማርኛ እናገራለሁ። ታዳሚዎቼ አብዛኞቹ ዶራሌ ወደብ ላይ ጭነት የሚጠብቁ ሾፌሮች ናቸው። ተራቸው እስኪደርስ አሥር ቀን፣ አንዳንዴ አሥራ አምስት ቀን ይቀመጣሉ፤ ከመኪናቸው ጥላ ሥር ተኝተው ተነሥተው፣ ተነሥተው ተኝተው፣ ዓርብ ሲደርስ ሸሚዛቸውን አጥበው ይመጣሉ።

ፊልሙን አስቀድሜ አላይም። ይህ የሥራ ልማዴ ነው። አንድ ጊዜ አይቼ ነበር፤ መጨረሻውን ያወቅሁ እንደሆነ ድምፄ ያሳብቃል፤ ለሚሞተው ሰው ገና ከመጀመሪያው ማዘን እጀምርለትና ሾፌሮቹ «ይሄስ አይሰነብትም» ብለው ይፈርዱበታል። ስለዚህ እኔም እንደ እነርሱ ምንም ሳላውቅ እቆማለሁ። አንድ ቃል ብቻ እቀድማቸዋለሁ። አንድ ቃል ብዙ ነው፤ አንዳንዴ ያስፈራኛል።

የዛሬ ስምንት ቀን ዓርብ የታየው ፊልም፣ ወይም እስከ ሰባ ሦስተኛው ደቂቃ የታየው ፊልም፣ እንዲህ ነው። በፈረንሳይ አገር በአንዲት የባሕር ዳርቻ ከተማ አንድ የካቶሊክ ቄስ አለ። ደግ ነው፤ ትንሽ ያስለዋል። ባሏ የሞተባት የትምህርት ቤት አስተማሪም አለች። ሾርባ ታመጣለታለች፤ ሾርባውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ትሄዳለች። በቃ። ግማሽ ሰዓት ያህል ከሾርባ በቀር ምንም የለም። ከዚያ ጳጳሱ ያስጠሩትና እስከ እሑድ አስብበት ይሉታል፤ ወይ እርሷን፣ ወይ መሠዊያውን። የቀረው አንድ ሰው አራት ቀን ሲያስብ ነው። እኔ እንዲህ ያለ ፊልም እወዳለሁ። ሾፌሮቹ ግን ጥለውኝ ይወጣሉ ብዬ ሰግቼ ነበር።

አልወጡም። ያስወጧቸው እርስዎ ነዎት። በማግስቱም ሰሌዳው ላይ ባወጡት ማስታወቂያ ፊልሙ የወጣቱን ሥነ ምግባር እንደሚያበላሽ፣ የካህናትን ክብር እንደሚነካና የአዳራሹን ሥርዓት እንደሚያውክ በሦስት መስመር ገልጸውልናል። ስለዚህ ማስታወቂያ ያለኝን ምስጋና እንደሚከተለው በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ) ስለ ወጣቱ ሥነ ምግባር ስለተጨነቁ አመሰግናለሁ። በዕለቱ አዳራሹ ውስጥ ከነበሩት መካከል በዕድሜ ትንሹ የሞጆው ሾፌር ይታገሱ ሲሆን፣ ባለፈው ወር አርባ አንድ ዓመት ሞልቶታል። ሦስት ልጆች አሉት። ሥነ ምግባሩ እስከ ድንበሩ፣ እስከ ገላፊ ድረስ በደህና እንደተጓዘ፣ ከዚያ ወዲያ ግን መንገዱ መጥፎ እንደሆነ ነግሮኛል።

2ኛ) ስለ ካህናት ክብር። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ትንሽ ይታገሡኝ።

ፊልሙ ሲጀምር «ይህ ቄስ ነው» ብዬ አለፍኩ። በእነርሱ ሥርዓት ቄስ እንደማያገባ አልተናገርኩም፤ ሁሉም የሚያውቅ መሰለኝ። እኛ ዘንድ ደግሞ ቄስ ማለት ባለትዳር ነው፤ መነኩሴ ካልሆነ በቀር፣ ሳያገባ ማን ክህነት ይሰጠዋል? ስለዚህ ሴትዮዋ ሾርባዋን ይዛ ብቅ ስትል፣ ስልሳ ሰው በአንድ ልብ ያለ ሽማግሌ ለቄሱ ዳራት። «ጨዋ ሚስት አለችው» የሚል ድምፅ ከኋላ ሰማሁ። ቄሱ ብቻውን ሲተኛ አዳራሹ ተጨነቀ። «ተጣልተዋል እንዴ?» አለ አንዱ። «ኧረ ጾም ነው ወንድሜ! ቄስ በጾም ከሚስቱ ጋር ይተኛል እንዴ?» ብሎ ይታገሱ እንደ መምህር አስረዳ፤ ሁሉም ረካ። በማግስቱ ጠዋት ቄሱ ሁለት እንቁላል ጠብሶ በላ።

«ይታገሱ፣ ጾሙ ተፈታ!»

«የፈረንጅ ጾም እንቁላል ይፈቅድ ይሆናል፤ እኔ ምን አውቃለሁ፣ አብሬው አልጾምኩ» አለ ይታገሱ።

እኔ ስሕተቱን ሰምቻለሁ። ግን ቄሱ ይናገር ነበር፤ እርሱ ሲናገር እኔ የራሴን ቃል መናገር አልችልም። እንዲህ ነው ሥራው። የሰው አፍ ሆኜ ስቆም የራሴ አፍ የለኝም። ሁሌ በኋላ ነው የሚከፋኝ።

እናም ጳጳሱ «ወይ እርሷን፣ ወይ መሠዊያውን» ሲሉ አዳራሹ ነደደ። «ሚስትህን ፍታ ነው የሚሉት? ምን ዓይነት ጳጳስ ናቸው!» «ሥርዓተ ተክሊል ያፈርሳሉ እንዴ?» ይታገሱ የግራ ነጠላ ጫማውን አውልቆ ወደ ጳጳሱ ወረወረ፤ ጳጳሱን አላገኛቸውም፤ ከአንሶላው ሥር ወደቀ። ያኔ በሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠ ባንቲሁን የሚባል ሾፌር ተነሣ። ሌሎቹ «ቄሱ» የሚሉት እርሱን ነው፤ ምክንያቱን ወደ ታች እጽፋለሁ። «ተቀመጡ እስቲ» አለ። «በእነሱ ዘንድ ቄስ አያገባም። እንደ መነኩሴ ነው። ሴትዮዋ ሚስቱ አይደለችም።»

ስልሳ ሰው ወደ አንሶላው ዞረ። ከዚያ አንዱ በቀስታ «ታዲያ ሾርባው?» አለ።

ቢሮዎ ድረስ የተሰማው ሳቅ ይህ ነው። ኮት ለብሰው እስኪመጡ ሰባት ደቂቃ ወሰደ፤ በዚያ ሙቀት ኮት የሚለብስ ሰው ብዙ እንዳሰበበት ይገባኛል። በእነዚያ ሰባት ደቂቃዎች ግን አዳራሹ ውስጥ የሆነውን አላዩም። ማንም አልሳቀም። አሁን ሁሉም ከመጀመሪያው ጀምሮ ያየውን በልቡ እንደገና እያየ ነበር፤ ሾርባውን፣ ብቻውን መተኛቱን፣ ሳሉን። እርስዎ «ሥርዓት ይከበር!» እያሉ ሲገቡ የሚከበር እንጂ የሚታወክ ሥርዓት አልነበረም። ዝም ያለን አዳራሽ ዝም ስላሰኙልን አመሰግናለሁ።

ባንቲሁን «ጋሼ ቀጸላ፣ የቀረችው ትንሽ ናት፣ ይጨረስ» ብሎ ለመነዎት። እርስዎም ትከሻውን መታ መታ አድርገው «አንተ ቄስ የነበርክ ሰው! ይህ ሁሉ ለአንተ ክብር እኮ ነው» አሉት።

«ለእኔ ክብር ከሆነ ይብራ» አለ።

አላበሩትም።

አሁን ስለ ባንቲሁን የምጽፈውን አስፈቅጄ ነው የምጽፈው። «ጻፊው» አለኝ፤ «ዶራሌ ተራ ከሚጠብቀው ሁሉ ይህን የማያውቀው ጎማው ብቻ ነው።» ባንቲሁን ከቢቸና ማዶ ባለች አንዲት የገጠር ደብር ቄስ ነበር። ሚስቱ በወሊድ ሞተችበት። ቄስ ሚስቱ ከሞተች ሁለተኛ እንደማያገባ፣ ካገባም ከመቅደስ አገልግሎት እንደሚወጣ እርስዎም ያውቃሉ። አምስት ዓመት ብቻውን ኖሮ ቀደሰ። ከዚያ አጎቱ መኪና ላይ ረዳት ሆኖ ወጣ፤ መንጃ ፈቃድ አወጣ፤ ዛሬ ተሳቢ ይነዳል። የእጅ መስቀሉን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ከመሪው በላይ ባለው ኪስ አስቀምጦታል። ገላፊ ላይ ሾፌሮቹ «አሳልመን» ሲሉት «እኔ ሾፌር ነኝ» ይላል። መስቀሉን ግን ከዚያ አያወርደውም። ለምን እንደማያወርደው ጠይቄው አላውቅም። ጥያቄ አንዳንዴ እጅ መስደድ ነው።

ፀዳል ደግሞ ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር ሾፌሮች ምሳ የሚበሉባት ትንሽ ምግብ ቤት አላት። ባንቲሁን ሁለት ዓመት ሙሉ «እስከሚቀጥለው ጭነት» ሲላት ኖሯል። ስንት ጭነት መጣ፣ ስንት ሄደ። በፋሲካ ማግስት ከደብሩ ደብዳቤ ደረሰው፤ ከቀሩት ሁለት ቄሶች አንዱ ዐርፈዋል፤ ቅዳሴ ያለ ሁለት ቄስና ያለ ሦስት ዲያቆን አይቆምም፤ ና፣ አለዚያ መቅደሱ ዝም ሊል ነው። ይላል ደብዳቤው። ሰኞ ጠዋት ማዳበሪያ ይጭናል። ከመጫኑ በፊት ለፀዳል አንድ ቃል መስጠት አለበት፤ ወይ አዎ፣ ወይ አይ። ካገባት ደብሩ ዝም ይላል፤ ከሄደ ፀዳል ዝም ትላለች። ሦስተኛ የለም። ፈልጎ አጥቷል።

«ከፊልም ምክር ትጠይቃለህ እንዴ?» አልኩት።

«ምክር አይደለም፣ የውቤ። እንደኔ የሆነ ሰው ዓይቼ አላውቅም። እንዴት እንደሚራመድ ልይ ብዬ ነው።»

ይህን ከሰማሁ ወዲህ በደንብ አልተኛሁም። ስንት ዓመት የሰው ቃል ከአንድ አፍ ወደ ሌላ ጆሮ ሳሻግር፣ አንድ ሰው ከዚያ ውስጥ አንዱን እንደ መንገድ ምልክት ይዞ ይሄዳል ብዬ አስቤ አላውቅም። ፋርማሲው ውስጥ ቆሜ የሳል ሽሮፕ ስሰጥ እጄ ቀዘቀዘ። በግንቦት። በጅቡቲ።

ስለዚህ የካህናትን ክብር ስለጠበቁልን አመሰግናለሁ። በአዳራሹ ውስጥ የነበረውን አንድ ካህን ግን መንገድ ላይ ሻንጣውን አስቀምጦ እንዲቆም አድርገውታል።

3ኛ) ስለ ሲዲው። ሲዲው የማኅበሩ አይደለም፤ የእኔም አይደለም። አብራኝ ፋርማሲ የምትሠራው የጀዋሪያ ነው፤ የአክስቷ ልጅ ከማርሴይ ያመጣላት ነው፤ በከተማው ሌላ አልተገኘም፤ ፈልጌያለሁ። እርስዎ ከማጫወቻው አውጥተው በኮትዎ የውስጥ ኪስ ካስገቡት በኋላ «በኮሚቴው ቁም ሣጥን ተቆልፎበታል» ብለዋል። አምኜዎት ነበር። ነገር ግን የኮሚቴው ቁም ሣጥን እግር አውጥቶ ቤትዎ ሳይገባ አልቀረም። ጀዋሪያ፣ እንደሚያውቁት፣ ከግንብዎ ጀርባ ነው የምትኖረው። ባለፈው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ከተማው ሁሉ ጸጥ ብሎ በተኛበት ሰዓት፣ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ሰምታለች። እሑድም በዚያው ሰዓት ሰምታለች። «ዋላሂ የኔው ፊልም ነው» አለችኝ፤ «ሙዚቃውን አውቀዋለሁ። ደግሞ ያቺኑ መጨረሻዋን እያመላለሰ ነው።»

የጀዋሪያን ቃል ብቻ ይዤ አልከስዎትም ነበር፤ ግን ሰኞ ዕለት እርስዎ ራስዎ በግንቡ ላይ ጠርተዋት፣ «ለአጠቃላይ እውቀት ያህል ነው፤ አንድ ሰው ኮሌታውን ፈትቶ ኪሱ ውስጥ ቢከት፣ ሥራውን ለቀቀ ማለት ነው ወይስ ሞቆት ነው?» ብለው ጠይቀዋታል። ጀዋሪያም «ሰውየው የየት አገር ነው?» አለች። «የፈረንሳይ» አሉ። ከዚያ ሳል ያዘዎትና ገቡ።

አቶ ቀጸላ፣ ይህን ስሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ በጣም ወደድኩዎት። ይህ ምጸት አይደለም። ወይም ትንሽ ብቻ ነው። እርስዎም እንደኛ ማወቅ ፈልገዋል። ግን ነገሩ የደረሰበትን ይመልከቱት፤ በዚህች ከተማ የፊልሙን መጨረሻ ያየ አንድ ሰው አለ፤ ፈረንሳይኛ አያውቅም። ፈረንሳይኛ የምታውቅ አንዲት ሴት አለች፤ መጨረሻውን አላየችም። ሁለቱ በአዳራሹ ኮሪደር ላይ ሲተላለፉ «እንዴት ነሽ?» «እንዴት ነዎት?» ይባባላሉ። ሰኞ የሚጭነው ሰው ደግሞ በመካከላቸው ቆሟል።

4ኛ) የይታገሱ ነጠላ ጫማ። የግራው። ለምን እንደ ማስረጃ እንደተያዘ አልገባንም።

5ኛ) አምስተኛ ነበረኝ። ስለ ራሴ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ዓርብ ዓርብ እንዳልቆም በቃል ስለነገሩኝ። ጽፌ ሰረዝኩት። ጊዜው የእኔ አይደለም።

እንግዲህ የምለምንዎት ትንሽ ነገር ናት። ሲዲውን ነገ እሑድ ከእኩለ ቀን በፊት ይስጡን። አዳራሹን አንጠይቅም፤ ፕሮጀክተሩን አንጠይቅም፤ ወንበርም አንጠይቅም፤ የፀዳል ቴሌቪዥን ከፍሪጁ በላይ አለች፣ ትበቃናለች። የማኅበሩ ደንብ ይህን ካልፈቀደልዎ ደግሞ በዚያ በሚያምረው የማስታወቂያ አጻጻፍዎ፣ ማኅተም አድርገው፣ ያዩትን ብቻ ይጻፉልን። ትርጉም አንፈልግም፤ ትርጉሙን እኔ አለሁለት። ሻንጣውን አነሣው ወይስ ትቶት ሄደ? ሴትዮዋ የት ነበረች? ሦስተኛው ጥያቄ የባንቲሁን ነው፤ ሲራመድ እግሩ ከብዶታል ወይስ ቀሎታል?

ሰው ሁለት ጊዜ ያየውን ነገር ሳይገባውም ቢሆን መናገር ይችላል። እኔ ከአሥር ዓመት በላይ የኖርኩበት ሥራ ይኸው ነው።

ለአዳራሻችን ጸጥታ፣ ለቁም ሣጥናችን ቁልፍ፣ ለሥነ ምግባራችን ከፍታ ሌት ተቀን የሚደክሙትን እርስዎን አምላክ በረጅም ዕድሜ እንዲጠብቅልን፣ ኮትዎም ግንቦትንና ሰኔን ችሎ ለመስከረም እንዲያደርስዎ እየተመኘሁ፣ ከማይገባኝ ድፍረቴ ጋር፣ ከአንሶላው በስተግራ ቆሜ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የውብዳር
ቅዳሜ፣ ግንቦት 11 ቀን 2004 ዓ.ም.
ጅቡቲ

ግልባጭ፦
ለፊልሙ ጳጳስ፣ ባሉበት
ለይታገሱ፣ በአንድ እግሩ ዶራሌ
ለፋርማሲያችን፣ የሰብሳቢው የደም ግፊት መድኃኒት ይህን ደብዳቤ ካነበቡ በኋላ ሳይሆን በፊት እንዲሰጣቸው

ከፊርማው በኋላ የተጨመረ፤ እሑድ አመሻሽ

ደብዳቤውን ዛሬ ረፋድ ልለጥፍ ይዤ ስወጣ ወይዘሮ ዘቢደርን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ታቅፈው ነበር። ሲዲው ቆርቆሮው ውስጥ ነው። «ሁለት ጊዜ አብሬው አየሁት» አሉኝ፤ «ሁለት ጊዜ ‹ምን ሆነ?› አልኩት፤ ሁለት ጊዜ ‹ዝም በይ፣ እየተከታተልኩ ነው› አለኝ። እስቲ አንቺ ንገሪኝ፣ ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ በፈረንጅ ቄስ እንቅልፍ አጣሁ።» ይህን መጻፍ እችል እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ጻፊው፤ እሱ ማስታወቂያ ይለጥፋል እንጂ አያነብም» አሉ። ስለዚህ ከላይ ያለውን አልሰረዝኩም። በዚህ ሁሉ ትሕትና የተጻፈ ነገር ማጥፋት ነውር ነው።

የፀዳል ምሳ ተመጋቢዎች ከሄዱ በኋላ ተቀመጥን፤ ወይዘሮ ዘቢደር፣ ጀዋሪያ፣ ጫማ ተውሶ የመጣው ይታገሱ፣ ባንቲሁን። ፀዳል ጀርባዋን ሰጥታን ሰሃን ታጥብ ነበር። እኔ ከፍሪጁ አጠገብ ቆምኩ። ካቆምንበት ቀጠልን።

አቶ ቀጸላ፣ የቀሩት አሥራ አንድ ደቂቃዎች አንድም ቃል የላቸውም። አንድም። ቄሱ ኮሌታውን ኪሱ ይከታል፤ ሻንጣውን ያነሣል፤ ባቡር ጣቢያ ድረስ ይሄዳል፤ ጭጋግ ነው፤ ባቡሩ ይመጣል፤ ይቆማል፤ ይሄዳል። ማን እንደተሳፈረ አይታይም። የተዋንያኑ ስም መውጣት ይጀምራል። እኔ አፌን ከፍቼ ቆሜ ነበር፤ የምተረጉመው አልነበረኝም። ስለዚህ ፈረንሳይኛ ባለማወቅዎ መጨረሻው አልገባዎትም ብዬ ከላይ ስለጻፍኩት በአደባባይ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ያልገባዎት በሌላ ምክንያት ነው።

«ሄዷል» አለ ይታገሱ።

«አልሄደም፤ አግዳሚው ላይ ጥላ አለ፣ እዩት» አሉ ወይዘሮ ዘቢደር።

«ኢንሻላህ ሄዷል» አለች ጀዋሪያ። «ካልሄደ ሲዲዬን እሰብረዋለሁ።»

ባንቲሁን ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ አልነቀለም። ስሞቹን እያነበበ ይመስል ነበር፤ ፈረንሳይኛ አያነብም። እግሩን አየሁት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እግሩን ነው ያየሁት። ሁለቱንም አጥብቆ መሬት ላይ አኑሯቸዋል።

ፀዳል እጇን በሽርጧ አድርቃ መጣችና ቴሌቪዥኑን አጠፋችው።

«ጨረሳችሁ?» አለች። «የሰው ባቡር ስትጠብቁ ዋላችሁ። ተነሡ እስቲ፣ ሁላችሁም። እትዬ ዘቢደር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እርስዎም።»

ተነሣን። ባንቲሁንም ከእኛ ጋር ተነሣ፣ የመኪናውን ቁልፍ ይዞ።

«አንተ ወዴት?» አለችው።

አራታችን ፀሐይ ላይ ወጥተን ቆምን። ይታገሱ አንድ ነገር ሊል ነበር፣ ወይዘሮ ዘቢደር ክንዱን ያዙት። ባንቲሁን ተመልሶ ሲቀመጥ የወንበሩን ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ የፀዳልን እርምጃ፣ ቀስ ብሎ፣ ወደ እኛ ሲመጣ። ቀና ብላ አላየችንም። በሩን ከውስጥ ዘጋችው።